ወረቀት ያልወጣለትም ነዋሪ ነው

ለዲሲው ማኅበራችን አመራር፣

ከቀብርና ከሐዘን ቤት ጠፍታችሁ አታውቁም፤ ይህን ማንም አይክድባችሁም። በ2024ቱ ምርጫ ዋዜማ የበተናችሁት የአማርኛ ማሳሰቢያ ግን እጅግ አሳዝኖናል። እንዲመርጥ የጠራችሁት ዜግነት ያገኘውን ብቻ ነው። የከተማው ምክር ቤት በ2022 ያጸደቀው ሕግ ግን ዕድሜው 18 የሞላና ዲሲ ውስጥ 30 ቀን የኖረ ሰው፣ ዜጋ ባይሆንም፣ ከንቲባውን፣ የምክር ቤት አባላቱንና የሰፈሩን ኮሚሽነር እንዲመርጥ ይፈቅዳል። በፌብሩዋሪ 2023 የኮንግረሱ የተወካዮች ምክር ቤት በ260 ለ162 ድምፅ ሊሽረው ሞክሮ ነበር፤ ሴኔቱ ስላልተከተለው ተረፈ። ይህን ሙግት ከማናችንም በላይ ታውቁታላችሁ። ታዲያ እንዴት አንድ መስመር ነፈጋችሁት?

ለጥንቃቄ ነው ትሉ ይሆናል። ሥጋቱ እውነት ነው፦ ዜጋ ያልሆነ ሰው በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠቱ ወንጀል ነው፣ ከአገርም ያስባርራል፤ የዜግነት ማመልከቻውም ስለ ምርጫ ይጠይቃል። ግን አደጋ ያለበት ነገር ይብራራል እንጂ አይደበቅም። ዜጋ ላልሆነ መራጭ የሚሰጠው የድምፅ ወረቀት የከተማውን ምርጫ ብቻ እንደሚይዝ መንገር፣ የፈራም ጠበቃ እንዲያማክር መምከር ይቻል ነበር። ልተወው ብሎ መወሰን የሰውየው ፋንታ ነው፤ እናንተ ግን ሳትጠይቁት ወሰናችሁለት። ቅሬታችን ከሁሉ በላይ እዚህ ላይ ነው፤ ማኅበሩ ስለ እኛ ይናገራል እንጂ እኛን አያናግርም።

ዜግነት ሲያገኙ ይደርሳሉ የሚለውም አያስኬድም። የአሳይለም ኬዝ ዓመታት ይፈጃል፤ ከግሪን ካርድ በኋላም አብዛኛው ሰው አምስት ዓመት ይጠብቃል። እስከዚያ ግን ግብር ይከፍላል፣ ልጁን ከተማው ትምህርት ቤት ይልካል፣ ታክሲ ይነዳል፤ የታክሲውን መሥሪያ ቤት ኃላፊ የሚሾመው ደግሞ ከንቲባው ነው። የሰፈር ኮሚሽነር የሚወክለው 2,000 ያህል ነዋሪ ነው። ምግብ ቤቶቻችን የመጠጥ ፈቃድ ሲጠይቁ የሰፈሩ ኮሚሽን አስተያየት ትልቅ ክብደት እንዲሰጠው ሕጉ ያዛል። እንዲህ ባለ ጠባብ ምርጫ ጥቂት ደርዘን ድምፅ ውጤት ይገለብጣል። ከዲሲ ድንበር ማዶ ባለችው የታኮማ ፓርክ ከተማ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎች ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በከተማው ምርጫ ሲመርጡ ኖረዋል፤ በዚህ የማንም ዜግነት አልረከሰም።

ሕጉ እስካለ ድረስ ከሚቀጥለው ምርጫ በፊት የታረመ ማሳሰቢያ በአማርኛና በትግርኛ አውጡ፤ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አስቀምጣችሁም ሕዝቡ ይጠይቅ።