የጊንጪ ሰዓትና ጥቁሩ ጉድጓድ

ስለ ጥቁር ጉድጓድ በሬዲዮም ሆነ በጋዜጣ ሲወራ ብዙውን ጊዜ የምንሰማው ሁለት ነገር ነው፤ አንድም «ጉድ በል» የሚያሰኝ ተአምር፣ አለዚያም «ሊውጠን ነው» የሚል ማስፈራሪያ። ሁለቱም አንባቢን ይጎዳሉ ባይ ነኝ። ተአምር ነው የተባለ ነገር አይጠየቅማ!

እስቲ ከደጃችን እንጀምር። አልበርት አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1915 ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ መሠረት የስበት ኃይል ጊዜን ያዘገያል። ጊንጪ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ እዚህ ያለ ሰዓት ጅቡቲ ወደብ ካለው በዓመት 7 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ያህል ይቀድማል። የእጅ ሰዓት ይህን አያሳይም፤ የአቶሚክ ሰዓት ግን ይለካዋል። ነገሩ ዋዛ አይደለም። በስልካችን ካርታ የሚመሩን የጂፒኤስ ሳተላይቶች ሰዓት በቀን 38 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ያህል ስለሚቀድም፣ ካልታረመ መንገድ ያስተናል።

«ኢትዮጵያ ከዓለም 7 ዓመት ወደ ኋላ ናት» እየተባለ ይቀለዳል። እሱ የዘመን አቆጣጠር ነው፤ የሰዓቱ አካሄድ በዚህ አይለወጥም። ጥቁር ጉድጓድ አጠገብ የሚለየው ግን አቆጣጠሩ ሳይሆን ጊዜው ራሱ ነው።

የፀሐይን ያህል ቁስ ተጨምቆ ከመሐሉ እስከ ዳሩ 3 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆን ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። ከዚያ ድንበር ውስጥ ብርሃን እንኳ አይወጣም። ከመሐሉ 4 ኪሎ ሜትር ርቆ መቆም የቻለ ሰው ቢኖር፣ እሱ ጋ 1 ሰዓት ሲያልፍ ሩቅ ላለነው 2 ሰዓት ያልፋል። እሱ ግን የገዛ ሰዓቱ መዘግየቱ አይታወቀውም። የሚልክልን ብርሃንም ቀልቶና ደብዝዞ ይደርሰናል። በአጠገቡ የሚያልፍ ብርሃን ደግሞ ይጎብጣል። በሚያዝያ 2 ቀን 2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ፎቶግራፍ ያሳየን ይህንኑ ነው፤ የጎበጠ የብርሃን ቀለበትና በመካከሉ ያለ ጥላ።

ታዲያ ሊውጠን ነው? ፀሐይ አሁኑኑ በእኩያዋ ጥቁር ጉድጓድ ብትተካ ምድር በዚያው መንገዷ ትዞር ነበር። የሚገድለን ብርዱ ነው እንጂ መዋጥ አይደለም። በእኛ ጋላክሲ መሐል ያለው፣ ምስሉ በግንቦት 4 ቀን 2014 ዓ.ም. የወጣው፣ 4 ሚሊዮን ፀሐይ ያህል ይመዝናል፤ ርቀቱ ግን 27,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው።

ይህን ለማስረዳት ጥቂት ዐረፍተ ነገር በቃኝ። እንግዲህ ጋዜጠኛ የሚጎድለው ቦታ ሳይሆን የመጠየቅ ልማድ ነው። እንጦጦ ተራራ ላይ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል፤ ከጊንጪ ቢኬድ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የባዕድ ዜና ተርጉሞ ከመለጠፍ በፊት ለባለሙያ መደወል፣ ቢያንስ የፊዚክስ መምህር ዘንድ መሄድ ምን ያስከፍላል?

በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም «ለምን?» የሚለውን ካልጻፍን፣ ያ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ፍርሃቱን ይዞ ይተኛል፤ ጥያቄውን ግን ይጥለዋል። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ደግሞ ጥያቄ የሚያስጥል ዜና ለመጻፍ አልነበረም የመጣነው።