ከጣሊያን ምሽት ሞንታርቦው ብቻ

«ጌጫ ውስጥ እኮ ምሽት የለም፣ ጋሼ!»

እንዲህ ያለኝ ከቴፒ ወደ ጌጫ በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ነው። የመንግሥት ሠራተኛ፣ ጨዋ፣ የሚያነብ ልጅ። ለአጭር ሥልጠና ጣሊያን ደርሶ መምጣቱን ገና ከቴፒ ሳንወጣ አጫውቶኛል። ስልኩን አወጣና ፎቶ በፎቶ አደረገኝ። ሮማ በማታ፣ ፍሎረንስ በማታ፣ ቬኒስ በማታ። «እዚያ ሰው ማምሸት ያውቅበታል። እኛ ከዶሮ ጋር ነው የምንሰፍረው። ጌጫን ራስዎ ያዩታል፤ አንድ ሰዓት ሲሆን ጭር! መብራት ቢበዛ፣ ሁለት ሦስት ደህና ባር ቢከፈት፣ ሙዚቃ ቢኖር…»

ዝም አልኩ። የምሄደው ለቅሶ ልደርስ ነው፤ ለቅሶ የሚሄድ ሰው ከመንገደኛ ጋር አይሟገትም። የአባቴ የሥራ ባልደረባ የነበሩ መምህር አርፈው ነበር። አሁን ግን ለቅሶውም አልፏል፣ እኔም ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሻለሁ። እንግዲህ መልሴን ይስማ።

መጀመሪያ፣ ጌጫን የማላውቃት መስሎታል። አባቴ አስተማሪ ሆኖ ተመድቦባት እኔ ፊደል የቆጠርኩባት ከተማ ናት። ከተማ ማለት ከተባለ ነው፤ በዚያን ጊዜ አንድ መንገድ፣ አንድ ገበያ፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ በኋላ ጫካ። ያ ጫካ ዛሬ ስሙ ገኗል፤ የሸካ ጫካ እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። እኛ ግን ያን ጊዜ ጫካውን የምናውቀው በዝናቡ ነበር። የሸካ ደጋ ዝናብ እንደ ሌላው አገር በክረምት መጥቶ በመስከረም የሚሰናበት እንግዳ አይደለም፤ የዓመቱን አብዛኛውን ወር የሚቀመጥ የቤተ ዘመድ ዓይነት ነው።

መብራት አልነበረም። የነበረው በረንዳ ነው።

ነጋዴዎቹ ቤታቸውን ሲሠሩ ቆርቆሮውን ከግድግዳው አልፎ ሁለት እርምጃ ያህል ያስወጡታል። ከሥሩ የእንጨት ምሰሶ፣ ግድግዳው ላይ የተደገፈ አግዳሚ፣ ከበሩ ላይ አንድ ፋኖስ። ሲመሽና ዝናቡ ሲወርድ ያ በረንዳ የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው። ነጭ ጋዝ ልትገዛ የተላከች ልጅ እዚያ ትጠለላለች። ማሯን ሸጣ ለመመለስ የዘገየች ባልቴት፣ ከስብሰባ የሚመለስ ዲሬክተር፣ ቆጮ በኮባ ጠቅልላ የያዘች እናት፣ ሰካራም፣ ቄስ፣ ሁሉም እዚያ። አማርኛና ሸክኛ እየተቀላቀለ ይወራል። ባለሱቁ «ካልገዛችሁ ተነሡ» አይልም፤ ቢልም የሚሰማው የለም፣ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ድምፁን ይውጠዋል። እኔ ሃያ ምናምን ዓመት በዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ አስተምሬያለሁ፤ ስለ ተረክ አወቃቀር ብዙ ጠመኔ ጨርሻለሁ። አንድ ታሪክ የት ላይ መቆም እንዳለበት ያወቅኩት ግን እዚያ አግዳሚ ላይ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ሰው ይነሣል፤ ተራኪው ከዚያ በፊት መጨረስ አለበት። ካልጨረሰም ለነገ ማታ።

እና «ምሽት የለም» የሚለኝ ሰው ምሽት ምን ይመስለዋል?

ጣሊያንንም አላየኋት እንዳይባል፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ለአንድ ጉባዔ ቦሎኛ ሄጄ አራት ምሽት አሳልፌያለሁ። ቦሎኛ እ.ኤ.አ. በ1088 ተመሠረተ የሚባለው የዓለማችን አንጋፋ ዩኒቨርሲቲ ያለባት ከተማ ናት። በመጀመሪያው ማታ ዝናብ ጣለ። ጃንጥላ አልያዝኩም። ከማደሪያዬ እስከ ትልቁ አደባባይ ድረስ ሄጄ ጫማዬ እንጂ ራሴ አልራሰም! ለምን ቢባል፣ ከተማዋ በሙሉ በረንዳ ናት። ፖርቲኮ ይሉታል፤ በጠቅላላው ስልሳ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚረዝም ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ2021 ዩኔስኮ መዝግቦታል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በመካከለኛው ዘመን ተማሪው ከየአገሩ ሲጎርፍ ቤት ጠበበ። ባለቤቶቹ ፎቁን ወደ መንገዱ እያስወጡ በእንጨት ምሰሶ ደገፉት፤ የመንገዱን አየር ሰረቁ ማለት ይቻላል። የእኛ ማዘጋጃ ቤት ቢሆን ኖሮ ቀይ ቀለም ይዞ መጥቶ «ይፈርሳል» ብሎ ይጽፍበት ነበር። የቦሎኛ ሰዎች ግን እ.ኤ.አ. በ1288 ሕግ አወጡና ነገሩን ገለበጡት፤ አዲስ ቤት የሚሠራ ሁሉ በረንዳ የማውጣት ግዴታ አለበት፣ ፈረስ የተቀመጠ ሰው የሚያሳልፍ ይሁን፣ መሬቱ የባለቤቱ ቢሆንም መተላለፊያው የሕዝብ ነው አሉ። ይኸውላችሁ፣ ያ ልጅ ፎቶ ያነሳው ምሽት ከጀርባው ያለው ይህ ነው። መብራቱ የመጣው ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ ነው።

አደባባዩ ላይ ሳን ፔትሮኒዮ የሚባል ግዙፍ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ግንባሩ እስከ ዛሬ አላለቀም፣ ከታች እብነ በረድ ለብሶ ከላይ ጡቡ እንደተራቆተ ቀርቷል። ደረጃው ላይ ሰው ይቀመጣል። አያት ከልጅ ልጇ ጋር፣ ተማሪ ከተማሪ ጋር፣ አይስክሬም የያዘ፣ ምንም ያልያዘ። በበጋ እዚያው አደባባይ ላይ ትልቅ ስክሪን ይተከልና ፊልም በነፃ ይታያል። በአራቱ ማታ ከኪሴ የወጣው የሁለት ቡና ዋጋ ነው። አስተናጋጅ ፊቱን አላጠቆረብኝም፤ አስተናጋጅ በሌለበት ነው ያመሸሁት።

እዚህ ላይ አንባቢዬ «ጣሊያንን እንዲህ ታሞግሳለህ?» እንዳይለኝ፣ ሒሳቡን ልጨርስ። «ማምሸት ያውቁበታል» የተባሉት ሰዎች በየካቲት 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባን ለሦስት ቀን አንድደው አምሽተውባታል። ገበያውን ከአራዳ ነቅለው ወደ ዛሬው መርካቶ ያዞሩት ጥቁርና ነጭ እንዳይደባለቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 አንድ ጣሊያናዊ ከኢትዮጵያዊት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር የሚያሳስር ሕግ አውጥተዋል። አራዳን ውብ ለማድረግ ባለቤቶቿን ከአራዳ ማራቅ እንደሚያስፈልግ ያመኑት እነሱ ናቸው። ይህችን ሐሳብ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

እነሱ በ1933 ዓ.ም. ሲወጡ ስሟ ቀረ፤ ፒያሳ፣ አደባባይ ማለት ነው። ጎንደርም ፒያሳ አላት፣ ደሴም፣ ሐዋሳም። ቃሉን ከጠላት ማርከን የራሳችንን ማታ ሞላንበት። እኔ የደረስኩባት ፒያሳ ከስድስት ኪሎ በአራት ኪሎ አድርገን፣ ለአንድ ማኪያቶ የምትሆን ሳንቲም ለሁለት ይዘን የምንወርድባት ናት። ከሲኒማ ኢትዮጵያ እስከ ጊዮርጊስ፣ ከጊዮርጊስ ተመልሶ በወርቅ ቤቶቹ መስኮት ፊት፣ ደግሞ መመለስ። የምንሠራው ሥራ መራመድ ነበር። ከሠራተኛ ሠፈርና ከዶሮ ማነቂያ የወጣ ሰው በነጠላ ጫማ ዳቦ ይገዛል፣ ልጅ ኳስ ይዞ ይሮጣል፣ አሮጊቶች በር ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ያማሉ። ያ ሐሜት ከሁለት ፖሊስ ይበልጥ ነበር። አሮጊት ያየችውን ሰፈር ሌባ አይደፍረውም።

(የእኔ ዘመን ሰዎችና ታላላቆቻችን ስለ ድሮ ምሽት ሲነሣ ውቤ በረሃን መጥራት ይወዳሉ። እኔ አልደረስኩባትም፤ ናፍቆቱንም አልጋራም። ስለ ዳንሱና ስለ ጠብመንጃ ያዡ ጀግና ብዙ ሰማን። ከገጠር መጥታ እዚያ ጠላና አረቄ ስለምትቀዳው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ማነው የሚናፍቀው? ዛሬም በየመንገድ ዳሩ ከተማ ባር ሲከፈት የምትመጣው እሷው ናት። «ሁለት ሦስት ደህና ባር» ሲባል የማን ልጅ ልትቆምበት ነው?)

ከዚያም ሰዓት እላፊ የሚሉት ዘመን ነበር፤ ሙዚቃ ቤት የገባ ሰው በሩ ተዘግቶበት እስኪነጋ የሚቆይበት። እሱም አለፈ። የጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. ሲቃጠል ጃዛምባ የሚባለው የጃዝ ቤት አብሮ ሄደ። ከዚያ በ2016 ዓ.ም. ግሬደሩ መጣ። ዶሮ ማነቂያ ተነሣች። ነዋሪዋ ወደ ከተማው ዳርቻ ተጫነ።

ሐቅ ልናገር፤ አዲሱ የእግረኛ መንገድ ሰፊ ነው፣ አግዳሚም አለው። ባለፈው ሰሞን ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስወርድ አባት ልጁን ብስክሌት ሲያስነዳ አይቻለሁ፤ ደስ ብሎኛል፣ አልክድም። ግን ያ አባት በታክሲ ነው የመጣው፣ በታክሲ ነው የሚመለሰው። ታክሲው ሲያልቅ ምሽቱ ያልቃል። መስኮት ከፍታ «አንተ ልጅ፣ አባትህ ይፈልግሃል!» የምትል ሴት ከላይ የለችም። ይኸው በ2017 ዓ.ም. አስተዳደሩ በዋና ዋና መንገድ ዳር ያሉ ንግድ ቤቶች እስከ ምሽቱ 3:30 ክፍት እንዲሆኑ በደንብ ማስገደድ አስፈለገው። ልብ አድርጉ! ምሽት በደንብ! ሰው በሚኖርበት ሠፈር ባለሱቅ እንዲያመሽ ማን አዝዞት ያውቃል? ደንበኛው ከፎቁ በነጠላ ጫማ ይወርድለታላ።

ልጁ ያሳየኝ ሦስተኛ ፎቶ ቬኒስ ነበረች። እኔ የቬኒስን ማታ ከመቅናት ይልቅ እፈራዋለሁ። የደሴቲቱ አሮጌ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1951 ከ170 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበራት፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ከ50 ሺህ በታች ወረደች። ቤቱ ሁሉ የእንግዳ ማረፊያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2024 ውሎ ገብ ጎብኚ ላይ የአምስት ዩሮ መግቢያ ጣሉ፤ ለሙዚየም እንደሚከፈለው ዓይነት። መብራቱ አለ፣ ድልድዩ አለ፣ ውኃው ያበራል፤ ማታ ዳቦ የሚገዛው ሰው ነው የጠፋው። ጣሊያኖቹ ራሳቸው ይህን እያዩ ይብከነከናሉ፤ እኛ ደግሞ በሽታውን ለጤና እንቀዳለን።

እስካሁን ከጣሊያን ምሽት ወደ ጌጫ የደረሰው ምንድነው ብትሉኝ፣ አንድ ነገር ነው። ሞንታርቦ። አትሳቁ፤ ሞንታርቦ የጣሊያን የድምፅ ማጉያ ሠሪ ድርጅት ስም ነው። እኛ የትኛውንም ግዙፍ ድምፅ ማጉያ በዚሁ ስም እንጠራለን። በደረስኩ ማታ ዋናው መንገድ ላይ ሁለት ቤቶች ፊት ለፊት በረፍ ላይ ሞንታርቦ ገትረው ይጯጯኹ ነበር። በአንደኛው ውስጥ አራት ወንዶች፣ በሌላው ሦስት። ማንም ማንንም አይሰማም። ለቅሶ ቤቱ ከዚያ ሁለት መቶ እርምጃ ነው። በዚያ ጩኸት መካከል በእርግጥም መንገዱ ጭር ብሏል፤ አያት ልጅ ልጇን ይዛ በዚያ ታልፋለች?

ልጁ ያየው ጭርታ ይኼ ነው። በረንዳው ሲጠፋ የመጣ ጭርታ። አዲሶቹ ሕንፃዎች፣ አምሮባቸዋል፣ ግድግዳቸው ከመንገዱ ጋር እኩል ነው፤ መስታወት፣ የብረት መዝጊያ፣ ከሱ ሥር ቦይ። በዓመት አብዛኛውን ጊዜ በሚዘንብበት አገር አንድ ክንድ እንኳ ጣሪያ ወደ መንገዱ አይወጣም! ይህን ንድፍ የሣለው ሰው ዝናብ በማያውቀው አገር የተማረ መሆን አለበት። በረንዳ የነበራቸው አሮጌ ቤቶች ደግሞ «የከተማ ገጽታ ያበላሻሉ» ይባላሉ። የኮሪደር ልማት ከአዲስ አበባ ወጥቶ የክልል ከተሞችን እያዳረሰ ነው፤ ስለዚህ ነገ ለምትነኩት ሁሉ፣ ለማሻም፣ ለቴፒም፣ ለሚዛንም፣ ከወዲሁ የምለው ይህን ነው። ከጣሊያን መቅዳት ካለባችሁ የ1288ቱን ሕግ ቅዱ። አምፖል ከመቁጠራችሁ በፊት ለግንባታ ፈቃድ የሚመጣውን ሁሉ «ለመንገደኛው ምን ያህል ጣሪያ ታወጣለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። የቆርቆሮው ወጪ የአንድ ሞንታርቦ ዋጋ አይሞላም። ባሩንም አትዝጉት፣ ጩኸቱን በግድግዳው ውስጥ ይያዝ። ሰዉን ደግሞ ከቦታው አታንሡት። ይህን ከማንም በላይ ለምኜ ነው የምለው፤ አራዳን ሁለት ጊዜ አይተናታል።

በሁለተኛው ማታ ከለቅሶ ቤት ወጥቼ ወደ ማደሪያዬ ስሄድ ዝናቡ ያዘኝ። መብራቱም ሄደ፤ ሞንታርቦዎቹ አብረው ዝም አሉ። አንድ አሮጌ በረንዳ አገኘሁና ገባሁ። አግዳሚው ሌላ ነው፣ ምሰሶዎቹ ግን እነዚያው ይመስሉኛል። ሰባት ስምንት ሰው ተጠልሏል። ከመካከላቸው የሚኒባሱ ልጅ አለ፣ ፀጉሩ ረጥቦ። አንዲት እናት የማን ልጅ እንደሆነ ጠይቀውት፣ ሲነግራቸው፣ አያቱ ከገበያ ሲመለሱ በአንድ ጎርፍ በቅሏቸው እንደወሰደባቸው ይተርኩለት ነበር። እሱ «ከዚያስ፣ እማማ?» ይላል። ባለሱቁ ሻማ አወጣና፣ ከበጋው በኋላ ይህን ፊት ለፊቱን አፍርሶ በመስታወት እንደሚሠራው ለእኔ አጫወተኝ፤ ሲሚንቶው ተገዝቷል።

በቅሎዋ ተገኝታ፣ እንደገና ጠፍታ፣ ለዘመድ ተሰጥታ ዝናቡ ሲያባራ ሰዓቴን አየሁ። ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር።