ከሃይድሮጅኑ በፊት ፍሬኑ ይታይ

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የአስመጪው ዓይን ኤሌክትሪክ ላይ ነው። ሃይድሮጅንን የሚያነሳም አልጠፋም፤ ወዲያው ግን «ይፈነዳል» የሚል ስጋት ይከተላል። ቶዮታ በ2007 ዓ.ም. ለገበያ ያቀረበው ሚራይ ጋዙን የሚይዘው በካርቦን ፋይበር በተጠናከረ፣ 700 ባር ግፊት በሚችል ሲሊንደር ነው። ጋዙ ገላጣ ቦታ ላይ ቢያፈተልክ እንኳ ከአየር እጅግ ስለሚቀል ሽቅብ ይበተናል።

ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ባላት መሐል ሜዳ ተሳፋሪው የሚሳፈረው በር በሌለው ባጃጅ ነው። ይህ በኤሌክትሪክ ስለተተካ ቆርቆሮው አይወፍርም። ሻጭ አንዴ ቻርጅ ተደርጎ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ይናገራል፤ ገዢው መጠየቅ ያለበት ግን ሦስት ሰው ጭኖ በዝናብ የመንዝን ቁልቁለት ሲወርድ እንዴት እንደሚቆም ነው። የፍሬን ሸራው ደብረ ብርሃን ድረስ ተወርዶ የሚፈለግ ከሆነማ፣ በግዢው ተቆጠበ የተባለው ብር በመንገድና ተሽከርካሪው በሚቆምበት ቀን ያልቃል።