በባሮ ዳር የተተወ ትምህርት

ኢትዮጵያ ነፃነቷን ጠብቃ የኖረች አገር መሆኗን ለተማሪ ማስተማር ተገቢ ነው፤ በዓድዋ የፈሰሰው ደም ይህ ክብር ይገባዋልና። ነገር ግን ይህ እውነት የታሪክ ትምህርት መነሻ መሆኑ ቀርቶ መደምደሚያ ሲሆን፣ «ቅኝ አልተገዛንም» የሚለውም ቃል ጥያቄን ሁሉ እንደሚዘጋ ማኅተም ሲቆጠር፣ በጋምቤላ ከተማ የሚማረው ልጅ በየዕለቱ የሚረግጠውን መሬት ታሪክ ሳያውቅ ያድጋል። የአባቶቹም ሃይማኖት፣ ስለ ክርስትናና ስለ እስልምና በሰፊው ከተነገረ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ «ባህላዊ እምነት» በሚል ርእስ በጥቂት መስመር ይታለፋል። እነዚህ ሁለት ጉድለቶች ለየብቻቸው የቆሙ ይመስላሉ። እኔ ግን ሥረ መሠረታቸው የተያያዘ ነው እላለሁ፤ የዚያን አገር ሕዝብ እምነት ዝቅ አድርጎ መመልከትን ካስፋፉት አንዱ፣ በዚያው መሬት ላይ የነበረውና ታሪኩን ያልነገርነው የባዕድ አገዛዝ ነውና።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በአዲስ አበባ በተዋዋሉት ውል፣ በባሮ ወንዝ ላይ በኢታንግ አቅራቢያ፣ በወንዙ ዳር ርዝመቱ ከ2000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲሆን ለሱዳን መንግሥት ተፈቀደ፤ ዘመኑም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አገዛዝ ሥር እስካለች ድረስ ሆነ፤ ለጦርም ለፖለቲካም ሥራ እንዳይውል ተከለከለ። ጋምቤላ የተቆረቆረችው በዚህ ውል ነው። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ መርከቦች ከካርቱም በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል እየመጡ፣ ጨውና ጨርቅ አራግፈው ከወለጋና ከኢሉባቦር የወረደውን ቡና ይጭኑ ነበር፤ የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች ሱቅ ከፍተው፣ የእንግሊዝ ሹም በሱዳን ፖሊሶች እየታገዘ ቦታውን ያስተዳድር ነበር። ጣቢያው ለኢትዮጵያ የተመለሰው ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ በ1956 እ.ኤ.አ. ነው። በመካከሉ ጣልያን መጥቶ ያዘው፤ በ1933 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝ የአፍሪካ ጦርና ከቤልጅግ ኮንጎ የዘመቱ ጥቁር ወታደሮች ጣልያንን አባረው በዚያው በኩል ወደ ደምቢ ዶሎ ዘለቁ። ይህን ሁሉ ያየች ከተማ ልጆች ስለ ቅኝ አገዛዝ ሲማሩ ስለ ሕንድና ስለ ናይጄሪያ ያነባሉ እንጂ የገዛ ከተማቸው ስም ከትምህርቱ ውስጥ የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው።

ያው ውል ድንበሩን በባሮ፣ በፒቦርና በአኮቦ ወንዞች አስኬደው። ለካርታ ሠሪ ወንዝ መልካም ወሰን ነው፤ ለአኙዋና ለኑዌር ሕዝቦች ግን ወንዝ የሚለያይ ሳይሆን ሰውና ከብት የሚገናኝበት የሕይወት ማዕከል ነበር፤ ስለዚህ ዘመድ ከዘመዱ ተከፈለ። ይህ ክፍፍል ሳይጠየቅ የተፈጸመበት ሕዝብ ለባዕድ ጦር በዝምታ አልተገዛም፤ በ1912 እ.ኤ.አ. አዶንጎ በተባለው ስፍራ አኙዋዎች የእንግሊዝን ዘማች ጦር ገጥመው መኮንኖችና ከ40 በላይ ወታደሮች ጣሉበት። ዓድዋን በኩራት የምናስተምር ሰዎች አዶንጎን የማናነሣበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ ለራሴ ብጠይቅ የሚያጠግብ መልስ አላገኘሁም።

አሁን ወደ ሃይማኖቱ ልመለስ፤ በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባልና። ኑዌሮች ኩዎት ብለው የሚጠሩት አምላክ የሰማይ አምላክ ነው፤ ፈጣሪ ነው፤ እንደ ነፋስ የማይታይና በሁሉ ስፍራ የሚገኝ ነው፤ ሰው በፊቱ እንደ ትንሽ ጉንዳን ነው ይላሉ። ከእርሱ በታች የአየርና የምድር መናፍስት አሉ። በሬ ለመሥዋዕት ሲቀርብ በጀርባው ላይ አመድ ይታሻል፤ አቅራቢው ራሱን ከመሥዋዕቱ ጋር የሚያስተባብርበት ሥርዓት ነው። ሰው የገደለ እንደ ሆነ የነብር ቆዳ ወደሚለብሰው ካህን ቤት ይሸሻል፤ ካህኑ የገዳዩን ክንድ በጥቂቱ በጥቶ ደም ሳያፈስለት ሰውየው እህልም ውኃም አይቀምስም፤ በዚያ እስካለ ድረስ ደመኛው ሊነካው አይደፍርም፤ ካህኑም የደም ካሣ ስለሚሆነው ከብት እያደራደረ ሁለቱን ወገን ያስታርቃል። በቤተ ክርስቲያን የመማጠንን ሥርዓት የሚያውቅ፣ በየአውራጃው የደም ዕርቅ ሲፈጸም ያየ አማርኛ ተናጋሪ ይህን ሰምቶ «ሃይማኖት የለሽ» ሊል ከቶ አይችልም። አኙዋም ፈጣሪውን ጁዎክ ይለዋል፤ የመሳፍንቱም ዘር ከወንዝ ከወጣ ሰው እንደ መጣ ይተርካል፤ ሥልጣኑም በጥንታዊ ዶቃና ጦር ይታወቃል፤ እነዚህ ንዋያት በእጁ ያሉት እርሱ መስፍን ነው።

ባዕዱ አገዛዝ ይህን እምነት እንዴት እንዳየው እነሆ፤ ከወንዙ ማዶ በሱዳን በኩል ንጉንዴንግ ቦንግ የተባለው የሎው ኑዌር ነቢይ ሕዝቡን አስተባብሮ የአመድና የጭቃ ኮረብታ አሠራ፤ የዝሆን ጥርስም ተከለበት፤ የሰውና የከብት ቸነፈር በዚያ እንዲቀበር ነበር ሐሳቡ። እርሱ በ1906 እ.ኤ.አ. ከሞተ በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት ልጁን ጉዌክን እንደ ዐመፀኛ ቈጠረው፤ በ1927 መጨረሻ አውሮፕላን ልኮ ቦንብ ጣለ፤ በማግሥቱ ዓመት ኮረብታውን በፈንጂ ሊንድ ሞከረ፤ በ1929 ጉዌክ በዚያው ስፍራ ተገደለ። የነቢዩ በትር ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ ወደ ደቡብ ሱዳን የተመለሰው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። መዝሙሮቹ ግን ከወንዙ ወዲህም ወዲያም እስከ ዛሬ ይዘመራሉ።

ጉዌክ በተገደለ በዓመቱ የሱዳን መንግሥት ጥናት እንዲያደርግለት ኤቫንስ ፕሪቻርድ የተባለውን እንግሊዛዊ ተመራማሪ ወደ ኑዌር ላከ። ይህ ሊቅ በ1956 እ.ኤ.አ. ስለ ኑዌር ሃይማኖት ያሳተመው መጽሐፍ ለዚያ ሕዝብ አምልኮ ጥልቅ ክብር የሰጠ ስለ ሆነ ምስጋና ይገባዋል። ሆኖም ተማሪው ማወቅ ያለበት ይህ ነው፤ ጥናቱን ያዘዘው ቦንቡን የጣለው መንግሥት ነበር፤ ጠያቂው እጅግ ቅን ቢሆንም፣ መልስ ሰጪው ገና ሐዘን ላይ የነበረ ሕዝብ ነበር። ይህን ሳያስረዱ መጽሐፉን ብቻ መጥቀስ ግማሽ ትምህርት ነው።

ገዥ የተገዢውን ሃይማኖት ማጥናቱና መመዘኑ በሕንድም ታይቷል። በ1772 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ሹም የነበረው ዋረን ሄስቲንግስ ሂንዱው በሻስትራው፣ እስላሙ በቁርአኑ እንዲዳኝ ሲያዝ፣ በየመንደሩ የነበረው የማይጻፍና የሚለዋወጥ ልማድ በመጽሐፍ ብቻ እንዲመዘን መንገድ ከፈተ፤ በ1784 ዊልያም ጆንስ በካልካታ የእስያ ማኅበርን አቋቁሞ ሳንስክሪትን በፍቅር አጠና፤ በ1835 ግን ሌላው የእንግሊዝ ሹም ማኮሌይ የሕንድን ጥበብ ሁሉ ከአውሮፓ መጻሕፍት በታች አውሎ የመንግሥት ገንዘብ ለእንግሊዝኛ ትምህርት እንዲሰጥ አስወሰነ። ሕንዶች ግን ቬዳና ኡፓኒሻድ በእጃቸው ነበሩና መልስ መስጠት ቻሉ፤ ሕንዳዊው መነኩሴ ቪቬካናንዳ በ1893 ቺካጎ ላይ በዓለም ሃይማኖቶች ጉባኤ ፊት ቆመ። የኑዌር ሃይማኖት በብራና አልሰፈረም፤ መጽሐፉ መዝሙሩና ሽማግሌው ነው። ስለዚህ እኛ ካላስተማርነው የሚሟገትለት የለውም።

«የጋምቤላ ሕዝብ አሁን ክርስቲያን ነው፤ ያለፈውን ለምን እንቆፍራለን?» የሚሉ አሉ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከመቶ 70 ያህሉ ፕሮቴስታንት መሆኑ እውነት ነው፤ ወንጌልም ብዙ በጎ ሥራ ሠርቷል። ነገር ግን ሕንድን የሚያጠና ሰው የቬዳን ዘመን «አልፏል» ብሎ አይተውም፤ እኛም በአክሱም የነበሩትን የአስታርንና የማሕረምን አምልኮ ክርስትና ስለ ተቀበልን ከታሪክ አንሰርዝም። ሃይማኖትን ማስተማርና ስለ ሃይማኖት ማስተማር ሁለት ሥራ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ የሚከለክለው የመጀመሪያውን ነው። አንድነትን ይጎዳል የሚለውንም ስጋት ብዙ አልከራከረውም፤ አገሩ በታሪክ ውስጥ እንደ ሌለ ሲነገረው ያደገ ልጅ የዚያን አንድነት አካል መሆኑን በምን ያውቃል?

መምህሩ ሊያደርገው የሚችለው ብዙ ነው። የንጉንዴንግን መዝሙር የሚያውቁ አዛውንት በክፍል ይናገሩ፤ የ1894ቱ ውል በአማርኛ፣ በአኙዋና በኑዌር ቋንቋ ይነበብ። ከጎኑም በዘመናችን የሕንዱ ኩባንያ ካሩቱሪ በዚያው ክልል 100 ሺህ ሄክታር የተከራየበትና መንግሥት በ2008 ዓ.ም. የሰረዘው ውል ይቀመጥ። ተማሪዎቹ ሁለቱን አስተያይተው፣ መሬቱን ማን ሰጠ፣ ማን ተቀበለ፣ በየትኛውስ ላይ ከባሮ ዳር ነዋሪዎች የአንዱ ፊርማ ይገኛል ብለው ራሳቸው ይመርምሩ።