ሪባን የተቆረጠለት ሶፍትዌር መተማ ላይ ይሠራል ወይ?

የሀገራችንን የቴክኖሎጂ ዜና የሚከታተል ሰው ሦስት ነገሮችን በቃሉ ያውቃል፤ «ተመረቀ»፣ «ይፋ ሆነ» እና «የመግባቢያ ሰነድ ተፈራረሙ»። አንድ መተግበሪያ ይመረቃል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ኃላፊው ንግግር ያደርጋሉ፣ ዜናውም እዚያው ላይ ያልቃል። ከስድስት ወር በኋላ ያ መተግበሪያ ይሥራ አይሥራ ተመልሶ የሚጠይቅ ጋዜጠኛ ግን ብዙም አይታይም። ይኼ ማለት ሕፃን ተወለደ ብሎ እልል ካሉ በኋላ አደገ ወይ ብሎ አለመጠየቅ ነው።

ይህን ጉዳይ እንዳነሣ የገፋፋኝ አንድ ፕሮግራመር የሆነ ያገሬ ልጅ ነው። እሱም እንደ እኔ ገንዳ ውኃ ተወልዶ ያደገ ሲሆን አሁን አዲስ አበባ በሙያው ተቀጥሮ ይሠራል። ስንገናኝ ወሬያችን ወይ ኳስ ነው ወይ ሶፍትዌር። በሬዲዮ የቴክኖሎጂ ዜና ሲሰማ ይስቃል። ጋዜጠኝነት የምማረው ደግሞ እኔ ስለሆንኩ ሳቁ ለእኔም ይደርሰኛል። በእሱ አመለካከት አንድ ሶፍትዌር የሚለካው በተመረቀበት ቀን አይደለም፤ በወደቀበት ቀን ነው። ሲወድቅ ምን ይሆናል? ማን ያነሣዋል? የመስመሩ ጫፍ ላይ ያለው ሰውስ ምን ይዞ ይቀራል? ለእኛ ደግሞ የመስመሩ ጫፍ መተማ ነው።

በዚህ ሐሳብ እስማማለሁ። እንዲያውም ለፕሮግራመር ብቻ የሚተው ጥያቄ አይመስለኝም። ጥያቄው የእኛ የጋዜጠኞቹ ነው። እስቲ ጥቂት ምሳሌዎችን እንመልከት።

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓርብ ሌሊት የሆነውን ያልሰማ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ ችግር ተፈጥሮ ሰዎች በሂሳባቸው ካላቸው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በየካምፓሱ ከዶርም ወደ ዶርም በረረ፣ ኤቲኤሞች በተማሪ ተከበቡ። ባንኩ በኋላ እንዳስታወቀው ያለአግባብ የተወሰደው ገንዘብ ወደ 801 ሚሊዮን ብር ነበር። የተፈጠረው ችግር የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ፣ ከጥገናና ከፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ እንደሆነም ተገለጸ። ከዚያ በኋላ ግን እኔ ያነበብኩትና የሰማሁት አብዛኛው ዘገባ ስለ ተማሪው ሥነ ምግባር ነበር። ማን ወሰደ? ማን መለሰ? ያልመለሱትም ስማቸውና ፎቷቸው ተለጠፈ።

የራስ ያልሆነን ገንዘብ መውሰድ ጥፋት ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ነገር ግን የታሪኩ ግማሽ ቀርቷል። ፕሮግራመሩ ወዳጄ ያንን ዜና ሲሰማ የጠየቀው ስለ ተማሪው አልነበረም። ለውጡ ዋናው ሲስተም ላይ ከመጫኑ በፊት የሙከራ ሲስተም ላይ ታይቶ ነበር ወይ? አንድ ነገር ሲበላሽ ወዲያው ወደነበረበት የሚመልስ መንገድ ተዘጋጅቷል ወይ? ለመሆኑ ለምን ዓርብ ሌሊት? በነሱ ሙያ የታወቀ ምክር አለ፤ ዓርብ ቀን ሲስተም አትነካካ ይባላል። ቅዳሜና እሑድ ባለሙያው ቤቱ ነው፣ ቢሮው ባዶ ነው፣ የተበላሸውን የሚያይ ሰው የለም። እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ ኮድ መጻፍ አያስፈልግም። ድልድይ ሲደረመስ መሐንዲሱንና ተቆጣጣሪውን እንጠይቃለን አይደል? ሶፍትዌር ሲደረመስ በድልድዩ ላይ ሲያልፍ የነበረውን መንገደኛ ብቻ ለምን እንጠይቃለን?

በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024፣ አሁንም ዓርብ ቀን፣ ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ የደኅንነት ሶፍትዌር ኩባንያ የተበላሸ ማሻሻያ ለደንበኞቹ ላከ። ማይክሮሶፍት እንደገመተው ወደ 8.5 ሚሊዮን የሚሆኑ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ወደቁ። አውሮፕላኖች ሳይነሡ ቀሩ፣ ሆስፒታሎች ተቸገሩ። ከሦስት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ግን ኩባንያው ስህተቱ የት ላይ እንደነበረና ለምን ሳይያዝ እንዳለፈ የሚዘረዝር ሰነድ አወጣ። ትልቁም ትንሹም ይሳሳታል፤ ስለዚህ ፈረንጅ አይሳሳትም ማለቴ አይደለም። የተሳሳተው ክፍል ስህተቱን ለሕዝብ እንዲያስረዳ መጠየቅ ግን የተለመደ ሊሆን ይገባል ነው የምለው።

አሁን ወደ ቆላው እንውረድ። የምዕራብ ጎንደር ቆላ ሰው ኑሮው ሰሊጥ ነው። ሰሊጥ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ፍሬው ደርቆ አፉን ከከፈተ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። በመሆኑም መስከረምና ጥቅምት ላይ ባለ እርሻው በቀናት ውስጥ ብዙ ሰው ይፈልጋል። እኛ አገር ሳሉግ የምንላቸው፣ ከደጋው የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች በየእርሻው ይሰማራሉ። ባለ እርሻው ደግሞ ለነዚህ ሁሉ ሰዎች ገንዘብ መክፈል አለበት። ጥሬ ብር በጆንያ ይዞ ጫካ መግባት ለከፋዩም ለተከፋዩም አደጋ ነው። እንግዲህ በስልክ ገንዘብ መላክ ከየትኛውም ቦታ ይልቅ የሚያስፈልገው እዚህ ነው ማለት ይቻላል።

ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሁለት በር ነበረው። አንደኛው በዘመናዊ ስልክ የሚጫነው መተግበሪያ ነው። ሁለተኛው *127# ብሎ በተራ ስልክ የሚገባበት ነው። ዜናው ላይ ብዙውን ጊዜ የምናየው ያማረውን መተግበሪያ ነው። ኮከብና መሰላሉን ፎቶ የሚያነሣው የለም። ወዳጄ ግን የሚያደንቀው ሁለተኛውን ነው። ምክንያቱን ሲያስረዳኝ፣ ኮከቡ የሚሄደው በኢንተርኔት ሳይሆን ስልክ በሚደወልበት በራሱ በኔትወርኩ መስመር ነው። ስለዚህ ዳታ ባይኖርም፣ የምትደውልበት መስመር እስካለ ድረስ ይሠራል። መልኩ አያምርም፣ ከዘገየህ ይዘጋብሃል፣ ቁጥር በቁጥር ነው፤ ግን ሦስት ቀን ቻርጅ በሚቆይ ስልክም ይሠራል።

ይህ ልዩነት ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ የታየው ብዙም ሳይቆይ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋረጠ። የ2016 ዓ.ም. የሰሊጥ አጨዳ የደረሰው በዚያ መሀል ነበር። በዚያን ጊዜ መተግበሪያ ማለት ስልክ ላይ የተሰቀለ ሥዕል ማለት ነበር። ጎረቤታችንን ሱዳንን ብንወስድም ያው ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ ስንቱ ሰው በገላባት በኩል ወደ መተማ ዮሐንስ ተሻገረ። እዚያ የቀረው ሕዝብ ደግሞ ጥሬ ገንዘብ ሲጠፋ የያዘው ባንካክ የተባለውን የካርቱም ባንክ መተግበሪያ ነበር። ጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በአብዛኛው ሱዳን ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ይኼም ተስፋ አብሮ ጠፋ። ታዲያ አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ መተግበሪያ ሲመረቅ «ኢንተርኔት በሌለበት ምን ይሆናል?» ብሎ መጠየቅ ምቀኝነት ነው እንዴ? አይደለም፤ የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን ነበረበት።

ሁሉም ነገር ጨለማ ነው እንዳይባልብኝ ጥሩውንም ልናገር። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት ሲጀምር ትልቁ ችግር ዋጋ ነበር። ሰሊጥ አምራቹ አዲስ አበባ ላይ ምርቱ ስንት እንደሚሸጥ የሚሰማው ከነጋዴው አፍ ነበር፤ ነጋዴው ያለው ዋጋ፣ ዋጋ ነው። ምርት ገበያው በዘረጋው 929 የሚባል አጭር ቁጥር ላይ ደውሎ የዕለቱን ዋጋ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎች መስማት ተቻለ። በቃ፣ ይኸው ነው። ማንበብ አይጠይቅም፣ ኢንተርኔት አይጠይቅም፣ ዘመናዊ ስልክ አይጠይቅም። መደወል የሚችል ሁሉ ይችለዋል። ገበያው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2015 ከእጅ ምልክትና ከጩኸት ወደ ኤሌክትሮኒክ ግብይት ሲሸጋገር ብዙ ተብሎለታል። እንደ እኔ እምነት ግን መተማ ላይ ከተቀመጥን ትልቁ ዜና 929 ነው። ገበሬው የዕለቱን ዋጋ አውቆ ከነጋዴው ፊት ሲቆም አነጋገሩም ይለወጣል።

ሌላም አለ። ከኮምፒውተር ጋር በተያያዘ ለሀገራችን ከሆኑት ታላላቅ ነገሮች አንዱ ምንም ሪባን አልተቆረጠለትም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1999 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ገባ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ፊደሉን በራሱ መንገድ ስለሚያስቀምጥ፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ የላቲን ቁንጥር ይሆን ነበር። በየወረዳው ቢሮ ይህ ያላጋጠመው ጸሐፊ ጥቂት ነው። ዛሬ ከገንዳ ውኃ በአማርኛ የተላከ መልእክት ሲያትል ላይ በአማርኛ የሚነበበው በዚያ ሥራ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለው ዜና ድምፅ የለውም፤ ፈልጎ የሚያገኘው ጋዜጠኛ ይፈልጋል።

እስካሁን ከወዳጄ ጋር ተስማምተን መጣን። የምንለያየው ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ በተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ጉዳይ ነው። እሱ ቁጥሩን ሲሰማ ይስቃል። ፊደል የቆጠረ ሁሉ ደራሲ እንደማይሆን፣ ሰርተፊኬት የያዘ ሁሉ ፕሮግራመር አይሆንም ይላል። የሶፍትዌር ኩባንያዎች የቸገራቸው ጀማሪ ሳይሆን ልምድ ያለው ሰው እንደሆነም ይናገራል። ቁጥሩን በተመለከተ እውነቱን ነው፤ የሠለጠነ ሰው ብዛት ብቻውን ዜና አይሆንም። ስንቱ ጨረሰ? ስንቱ ሥራ አገኘ? ኮምፒውተር የሌለው፣ መብራት የሚጠፋበት፣ እንግሊዝኛ የሚከብደው የቆላ ልጅስ በምን ይማር? እነዚህ መጠየቅ አለባቸው።

ነገር ግን እኔ አልስቅም። ምክንያቴም ይኸውላችሁ። የሰሊጥ ሚዛን እንዴት እንደሚጭበረበር የሚያውቀው ኮኪት ያደገ ልጅ ነው። ሳሉጉ የሠራበትን ቀን በወረቀት ቁራጭ ጽፎ በኪሱ ሲዞር፣ ወረቀቱ በላብ ርሶ ሲጠፋበትና ከአሠሪው ጋር ሲጣላ ያየው እሱ ነው። የነጋዴው የዱቤ ደብተር ላይ ምን ተጽፎ ምን እንደሚሰረዝም ያውቃል። አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የተቀመጠ ጎበዝ ፕሮግራመር ኮዱን ያሳምረዋል፤ ችግሩን ግን ካልወረደ አያውቀውም። ከአምስቱ ሚሊዮን ውስጥ አንድ የኮኪት ወይም የሽንፋ ልጅ በተራ ስልክ የሚሠራ፣ የሳሉግን የሥራ ቀን የሚመዘግብ ትንሽ ፕሮግራም ቢጽፍ፣ ለእኔ ከአሥር ምረቃ ይበልጣል። ሶፍትዌር ማለት ኮድ ብቻ አይደለም፤ የማን ችግር ነው የሚለውን ማወቅ ግማሹ ሥራ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ በተለይም የትምህርት ክፍላችን ጓደኞቼ! የቴክኖሎጂ ዜና ለመጻፍ የሚያስፈራን እንግሊዝኛው ነው፤ ቃሉ ሲከብደን መግለጫውን እንዳለ እንገለብጣለን። መድኃኒቱ ሦስት ቀላል ጥያቄዎችን ደብተር ላይ ጽፎ መሄድ ነው። አንደኛ፣ ይህ ነገር ሲበላሽ ምን ይሆናል፣ ኃላፊነቱስ የማን ነው? ሁለተኛ፣ ኢንተርኔት በሌለበትና በተራ ስልክ ይሠራል ወይ? ሦስተኛ፣ ባለፈው ዓመት የተመረቀው የት ደረሰ? ከኃላፊው ቀጥሎ ደግሞ አንድ ፕሮግራመርና አንድ ተጠቃሚ እናናግር። ፕሮግራመሩ የተደበቀውን ያሳየናል፣ ተጠቃሚው ደግሞ የጎደለውን።

የምረቃ አዳራሽ መገኘት ቀላል ነው፤ ወንበርም ሻይም አለው። በጥቅምት ፀሐይ እርሻው ድረስ ወርዶ አንዱን ሳሉግ «ገንዘብህ በስልክ ደረሰህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው ከባዱ። ዜናው ያለው ግን እዚያ ነው።

ቸር ያሰማን!