ጥቂት ሰዎች የሚተምኑት ምርጫ

በዓምዱ አዘጋጅ

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2024 የኒው ዮርክ 3ኛ የኮንግረስ ምርጫ ክልል ነዋሪዎች፣ በረዶ እየጣለባቸው፣ ከተወካዮች ምክር ቤት በተባረሩት በጆርጅ ሳንቶስ ምትክ ተወካይ ሊመርጡ ወጡ። ከዕጩዎቹ አንዷ ማዚ መለሰ ፒሊፕ ነበሩ፤ ኢትዮጵያ ተወልደው፣ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል የተሻገሩ፣ በእስራኤል ጦር ያገለገሉ፣ ኋላም የናሶ ካውንቲ ምክር ቤት አባል የሆኑ ሴት። ከምርጫው ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ የወጣው የሲዬና ኮሌጅና የኒውስዴይ ጋዜጣ የመራጮች አስተያየት ጥናት ተቀናቃኛቸው ቶም ስዎዚ በ4 ነጥብ እንደሚመሩ አሳየ። ድምፁ ሲቆጠር ስዎዚ ያሸነፉት በ8 ነጥብ ገደማ ነበር።

የሚቀድመውን ለይቶ ያወቀ ጥናት እንኳ የልዩነቱን ግማሽ አላየውም። እንዲህ ባለ ፉክክር ላይ ነው ዛሬ በገንዘብ የሚነገደው።

የትንበያ ገበያ አሠራር ከባድ አይደለም። «እገሌ ያሸንፋል» የሚል ውል ለሽያጭ ይቀርባል፤ ዕጩው ካሸነፈ ገዢው 1 ዶላር ይቀበላል፣ ከተሸነፈ ባዶ እጁን ይቀራል። ውሉ በ70 ሳንቲም ሲሸጥ፣ ዕጩው 70 በመቶ የማሸነፍ ዕድል እንዳለው ተደርጎ ይወሰዳል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የአይዋ ዩኒቨርሲቲ ከ1988 ጀምሮ ለምርምር ሲል እንዲህ ያለ ገበያ ሲያካሂድ ኖሯል፤ አንድ ሰው ማስገባት የሚችለው ግን ከ500 ዶላር አይበልጥም። ነገሩን የለወጠው የፍርድ ቤት ክርክር ነው። የሸቀጦች የወደፊት ግብይትን የሚቆጣጠረው የፌዴራል ኮሚሽን በ2023 ካልሺ የተባለውን ድርጅት በኮንግረስ ምርጫ ላይ ውል እንዳይሸጥ ከለከለው። ድርጅቱ ከሰሰ፤ በሴፕቴምበር 2024 ዳኛ ጂያ ኮብ ፈረዱለት። ኮሚሽኑም በሜይ 2025 ይግባኙን ተወ።

ለገበያው የሚገባውን መስጠት ያስፈልጋል። በ2024ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ ጥናቶች እኩል ለእኩል ሲሉ፣ ገበያው ለዶናልድ ትራምፕ ያደላ ነበር። ይሁንና በዚያ ግዙፍ ገበያ እንኳ አንድ ፈረንሳዊ ነጋዴ ፖሊማርኬት በተባለው የትንበያ ገበያ ላይ 30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አፍስሶ መነጋገሪያ ሆኗል።

አንድ ምርጫ ክልል ግን 760 ሺህ ያህል ሕዝብ ብቻ ነው። ብዙዎቹ ክልሎች እስከ ምርጫው ቀን ድረስ አንድም ገለልተኛ ጥናት አይካሄድባቸውም፤ በውጤታቸው ላይ የሚነግደውም ሰው ጥቂት ነው። ሦስት ጆንያ ጤፍ ብቻ በወጣበት ገበያ አንድ ገንዘብ የያዘ ሰው የቀኑን ዋጋ እንደሚወስን፣ እዚህም ጥቂት ሺህ ዶላር ያለው ሰው «ዕድሉን» በአንድ ከሰዓት ሊያዛባው ይችላል። ያ የተዛባ ቁጥር ዜና ይሆናል፤ ዜናውን ያየ ለጋሽ እጁን ይሰበስባል፣ በጎ ፈቃደኛውም ተስፋ ይቆርጣል። አደጋው እዚህ ላይ ነው።

ገንዘብ የማይገባበት የባለሙያ ስሌት እንኳ በዚህ ደረጃ ይስታል። በ2022 ፋይቭ ሰርቲ ኤይት የተባለው የምርጫ ትንበያ ድረ ገጽ በዋሽንግተን ግዛት 3ኛ ምርጫ ክልል ለማሪ ግሉሰንካምፕ ፔሬዝ የሰጣቸው የማሸነፍ ዕድል ከ100 ሁለት ብቻ ነበር። አሸነፉ።

ሌላም ጉዳይ አለ። የዘመቻ ሠራተኞች ለሕዝብ ያልወጣ የራሳቸው ጥናት አላቸው፤ በዚያ ተመርተው ሊነግዱ ይችላሉ። ካልሺ ዕጩዎችና ሠራተኞቻቸው በራሳቸው ምርጫ ላይ እንዳይነግዱ በደንቡ ይከለክላል፤ ነገር ግን የዚህ ጥበቃ በአንድ ነጋዴ ድርጅት ደንብ ላይ መንጠልጠል የለበትም። ኮንግረስ በሕግ ሊከለክለውና ቅጣት ሊያበጅለት ይገባል። በአንድ ምርጫ ክልል ላይ አንድ ሰው የሚያስገባው ገንዘብም እንደ አይዋ ጣሪያ ይበጅለት። መገናኛ ብዙኃንም «70 በመቶ» ብለው ሲያትሙ፣ ከቁጥሩ ጀርባ ስንት ዶላር እንዳለ አብረው ይጻፉ።

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ፣ በአውሮራ የምትኖሩ የመምረጥ መብት ያላችሁ ወገኖች፣ ዕጩያችሁ በ10 ሳንቲም ሲሸጥ ብታዩ «አለቀለት» ብላችሁ ከቤት አትቅሩ። በ2020 የአይዋ 2ኛ ምርጫ ክልል ወደ 400 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ፣ አሸናፊዋ የተለዩት በ6 ድምፅ ነው።