ብሔራዊ ጥቅምን የሚተረጉመው ማን፣ ዋጋውን የሚከፍለውስ ማን ነው?

በዓለም አቀፍ ግንኙነት መድረክ «ብሔራዊ ጥቅም» የሚለውን ያህል በመንግሥታት አንደበት የሚዘወተር፣ ይዘቱ ግን ሳይመረመር የሚታለፍ አነጋገር ማግኘት ያስቸግራል። የጦር መርከብ ሲላክ በብሔራዊ ጥቅም ስም ነው፤ አንልክም ሲባልም በዚሁ ስም ነው። ወደብ ሲከራይም ሲወረስም፣ ውል ሲፈረምም ሲፈርስም የሚሰጠው ምክንያት ይኸው ነው። አንድ ቃል እርስ በርሳቸው ለሚቃረኑ ድርጊቶች ሁሉ ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ፣ ከቃሉ ጀርባ ያለውን ተጨባጭ ሁኔታ መመርመር ለዲፕሎማቶች ብቻ የሚተው ሥራ ሊሆን አይችልም። የውሳኔው ዋጋ ዞሮ ዞሮ የሚታየው በዘይትና በማዳበሪያ ዋጋ፣ በወፍጮ ቤትና በሸማቾች ማኅበር ሱቅ ደጃፍ ነውና፣ ጉዳዩ የሠራተኛውም የቀበሌ ነዋሪውም ጉዳይ ነው።

እኛ እንደምንረዳው፣ ብሔራዊ ጥቅም እንደ ተራራና እንደ ወንዝ በተፈጥሮ ተሰጥቶ የሚገኝ ነገር አይደለም። ሦስት ነገሮች ይቀርፁታል። አንደኛው የአገሪቱ ኑሮ በምን ላይ እንደቆመ ነው። ሁለተኛው በአገሪቱ ውስጥ የማን ድምፅ ተሰሚ እንደሆነ ነው። ሦስተኛው መንግሥቱ በእጁ የያዘው መሣሪያ ምን እንደሆነ ነው፤ የጦር መርከብ ያለው መንግሥት አደጋውን ሁሉ በጦር መርከብ የሚመለስ አድርጎ ያየዋል፣ የሚከራይ የባሕር ዳርቻ ያለው ደግሞ ከአደጋው የኪራይ ገቢ ያወጣል። ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። በደጃችን የሚገኘው ቀይ ባሕር በቂ ትምህርት ይሰጣል።

በቅድሚያ ታሪኩን እንመልከት። የስዊዝ ቦይ ለመርከቦች የተከፈተው በኖቬምበር 1869 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያው ወር፣ ቀደም ሲል ሚሲዮናዊ የነበረው ጁሴፔ ሳፔቶ ሩባቲኖ ለተባለው የጣሊያን የመርከብ ኩባንያ በአሰብ የባሕር ዳርቻ መሬት ገዛ። ዓላማው በቦዩ በኩል ለሚመላለሱት የእንፋሎት መርከቦች ማረፊያና የድንጋይ ከሰል ማከማቻ ማዘጋጀት ነበር። በ1882 የጣሊያን መንግሥት ይዞታውን ከኩባንያው ተረከበ። በ1885 ምፅዋ በጣሊያን ጦር ተያዘች። በ1890 ኤርትራ የተባለ ቅኝ ግዛት መቋቋሙ ታወጀ። በ1896 ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ የጣሊያን ወታደሮች በዓድዋ ተራሮች ላይ ወደቁ። የአንድ ነጋዴ ድርጅት የከሰል መጋዘን በ27 ዓመት ጊዜ ውስጥ የአንድ ሕዝብ የክብርና የጥቅም ጉዳይ ተብሎ ተተረጎመ ማለት ነው። የጣሊያን ድኻ ገበሬ ልጅ ከሩባቲኖ ትርፍ ድርሻ አልነበረውም፤ ከሞቱ ግን ድርሻ ተሰጠው።

ወደ ዘመናችን እንለፍ። ባብ ኤል መንደብ ከጠባቡ ሥፍራ ላይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስፋት ያለው በር ነው። እስከ 2023 መጨረሻ ድረስ ከዓለም ንግድ ከአሥር እጅ አንዱ በላይ በዚህ በርና በስዊዝ በኩል ያልፍ ነበር። በኦክቶበር 2023 የጋዛ ጦርነት ከፈነዳ በኋላ፣ ሰነዓንና ሰሜናዊ ምዕራብ የመንን የያዘው የሁቲ ንቅናቄ ፍልስጤማውያንን ለመደገፍ ነው በማለት መርከቦችን ማጥቃት ጀመረ። ኖቬምበር 19 ቀን 2023 ታጣቂዎቹ ከሄሊኮፕተር ወርደው ጋላክሲ ሊደር የተባለችውን መርከብ ከ25 ሠራተኞቿ ጋር ማረኩ። ጥቃቱ እየሰፋ ሄዶ ከእስራኤል ጋር የሚታወቅ ግንኙነት የሌላቸውን መርከቦች ጭምር መታ። ታላላቅ የመርከብ ኩባንያዎች መንገዳቸውን ለውጠው አፍሪካን በደቡብ ጫፏ መዞር ያዙ፤ በእስያና በአውሮፓ መካከል ያለው ጉዞም በ10 ቀን ገደማ ረዘመ፤ የጭነትና የመድን ክፍያም ናረ።

አደጋው አንድ፣ ባሕሩም አንድ ነበር። መልሱ ግን እንደ መንግሥታቱ ብዛት የተለያየ ሆነ።

ዩናይትድ ስቴትስ በዲሴምበር 2023 የብዙ አገሮች የባሕር ኃይል ጥምረት መመሥረቱን አስታወቀች፤ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮም ከብሪታንያ ጋር በመሆን በየመን ምድር ላይ የአየር ድብደባ አካሄደች። የተሰጠው ምክንያት በመላው ዓለም ስም የቀረበው የባሕር ጉዞ ነፃነት ነበር። በማርች 2025 እንደገና የተጀመረው ከባድ ድብደባ በሜይ 2025 በኦማን አማካይነት ሲቆም፣ ሁለቱ ወገኖች አንዳቸው በሌላው ላይ ላለመተኮስ ተስማሙ። ቃሉ የንግድ ጉዞን ነፃነት ቢጠቅስም፣ በጁላይ 2025 ማጂክ ሲስና ኢተርኒቲ ሲ የተባሉት የንግድ መርከቦች በተከታታይ ቀናት ተመትተው ሰመጡ። በመላው ዓለም ስም የተጀመረው ነገር በመጨረሻ ወደ ራስ መርከብ ደኅንነት ጠበበ። አባቶቻችን «ከራስ በላይ ንፋስ» ያሉት እንዲህ ላለው ጊዜ ይስማማል።

የአውሮፓ ኅብረት በበኩሉ በፌብሩዋሪ 2024 የራሱን የባሕር ዘመቻ አቋቋመ። የዘመቻው ሥልጣን መርከቦችን በማጀብና የሚወነጨፍባቸውን በመመከት የተወሰነ ስለነበር የየመንን ምድር አልደበደበም። ሸቀጧን በብዛት በዚሁ ባሕር ወደ አውሮፓ የምትልከው ቻይናም፣ ከ2017 ጀምሮ በጂቡቲ የጦር ሰፈር ያላት ብትሆን፣ ወደ አሜሪካኑ ጥምረት አልገባችም። በጃንዋሪ 2024 የጸጥታው ምክር ቤት የሁቲዎችን ጥቃት ሲያወግዝ ከሩሲያ፣ ከአልጄሪያና ከሞዛምቢክ ጋር ድምፅ ከመስጠት ተቆጠበች። ሕንድ የጦር መርከቦቿን በራሷ ትእዛዝ ሥር አሰማርታ በማርች 2024 ሩዌን የተባለችውን መርከብ ከሶማሊያ የባሕር ወንበዴዎች አስለቀቀች፤ 17 መርከበኞችም ዳኑ።

ከሁሉም ይልቅ የግብፅ ሁኔታ ልብ ሊባል ይገባዋል። የስዊዝ ቦይ ገቢ በ2023 ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ የነበረው በ2024 ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አሽቆለቆለ። በገንዘብ ቢሰላ፣ ሁቲዎችን ለመውጋት ከማንም ቀድማ መነሳት የነበረባት ካይሮ ነበረች። ይሁንና ወደ ጦርነቱ አልገባችም። ሕዝቡ ስለ ጋዛ በሚብሰለሰልበት ሰዓት፣ ለፍልስጤም ቆሜአለሁ ከሚል ኃይል ጋር መዋጋት በአገር ውስጥ የሚያስከትለውን መንግሥቱ ያውቃል። ሳውዲ ዓረቢያም ከማርች 2015 ጀምሮ ከሁቲዎች ጋር ተዋግታ በኤፕሪል 2022 ያገኘችውን የተኩስ ማቆም ማጣት አልፈለገችም። እንግዲህ ጥቅም በዶላር ብቻ አይመዘንም። የሕዝብ ስሜትና ያለፈ ጦርነት ትዝታም በሚዛኑ ላይ ይቀመጣሉ።

የትንሿ ጂቡቲ ትርጉም ደግሞ ሌላ ነው። አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት ይህች አገር የአሜሪካን፣ የፈረንሳይን፣ የጃፓንን፣ የቻይናንና የጣሊያንን የጦር ሰፈሮች በአንድነት ታስተናግዳለች። ከአሜሪካ ብቻ በ2014 በተደረሰው ውል በዓመት 63 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ኪራይ እንዲከፈላት ተደርጓል። በፌብሩዋሪ 2018 ደግሞ የዶራሌን የኮንቴይነር ወደብ ከዱባዩ የወደብ ኩባንያ እጅ ስትወስድ ያነሣችው ምክንያት ሉዓላዊነትንና ብሔራዊ ጥቅምን ነበር። ዘይትም ታላቅ ጦርም የሌላት አገር ያላት መሣሪያ የቆመችበት ቦታ ነውና በእሱ ትጠቀማለች።

በእነዚህ ሁሉ ትርጉሞች መካከል ግን ድምፁ ያልተሰማ አንድ ወገን አለ። ማርች 6 ቀን 2024 ትሩ ኮንፊደንስ የተባለችው መርከብ ስትመታ የሞቱት ሦስት ሰዎች ሁለት ፊሊፒናውያንና አንድ ቬትናማዊ ነበሩ። የጋላክሲ ሊደር መርከበኞች ከ14 ወር ምርኮ በኋላ በጃንዋሪ 2025 ሲለቀቁም ፊሊፒናውያን፣ ቡልጋሪያውያን፣ ሮማኒያውያን፣ ዩክሬናውያንና ሜክሲካውያን ሆነው ተገኙ። እነዚህ ለእንጀራቸው ወደ ባሕር የወጡ ሠራተኞች እንጂ ስለ ጋዛም ሆነ ስለ ባሕር ነፃነት ውሳኔ የሰጡ ሰዎች አይደሉም። ኤፕሪል 28 ቀን 2025 ደግሞ በአሜሪካው ዘመቻ ወቅት በሰዓዳ የሚገኝ የስደተኞች ማጎሪያ ተመታ። የሁቲ ባለሥልጣኖች እንዳስታወቁት የሞቱት 68 ናቸው። ከሞት የተረፉትና ምስክርነት የሰጡት ወጣቶች ሥራ ፍለጋ ያንኑ ባሕር የተሻገሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በማንም ብሔራዊ ጥቅም መዝገብ ውስጥ ስማቸው አልነበረም፤ ሒሳቡ ሲወራረድ ግን ከፋዮች ሆነው ተገኙ።

ከዚህ ጋር ተያይዞ አንድ ተጨማሪ ትምህርት አለ። ከ2008 ጀምሮ የሶማሊያን የባሕር ወንበዴዎች ለመከላከል የአያሌ አገሮች መርከቦች ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ጎርፈው ነበር። ጦርነት የማካሄድ መብትን በሕገ መንግሥቷ የተወችው ጃፓን እንኳ በዚሁ ምክንያት በ2011 በጂቡቲ የጦር ሰፈር ከፈተች። ውንብድናው ከ2012 በኋላ ጋብ አለ። ነገር ግን በ1991 የፈረሰው የሶማሊያ መንግሥት በአግባቡ ሳይጠገን፣ የዓሣ አጥማጁም ኑሮ ሳይቃና በመቅረቱ፣ የመርከቦቹ ዓይን ወደ ሁቲዎች በዞረበት በ2023 መጨረሻ ውንብድናው እንደገና አንሰራራ። በባሕር ላይ የሚታየው አደጋ ሥሩ ያለው በየብስ ላይ ነው። ቅጠሉን የሚመለምል ጊዜ ያገኛል፤ ሥሩን የማይነካ ግን ሥራውን ጨረሰ አይባልም።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ያስተምረናል? ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት ኢትዮጵያ ኤርትራ በ1993 ነፃ አገር ከሆነች ወዲህ የባሕር በር የላትም። ከ1998 ወዲህም ከውጭ ንግዷ 90 በመቶ ገደማው በጂቡቲ አንድ በር ላይ ተንጠልጥሏል። ከሞሮኮ የሚጫነው ማዳበሪያ በስዊዝና በባብ ኤል መንደብ ካላለፈ አፍሪካን ዞሮ መምጣት ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ አስተማማኝ የባሕር መውጫ መሻት እውነተኛ የኑሮ ጥያቄ ነው፤ ማንም ምኞት ነው ብሎ ሊያጣጥለው አይችልም። ይሁንና ጥያቄው እውነተኛ መሆኑ መልሱን ሁሉ ትክክል አያደርገውም። ከ1998 እስከ 2000 ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ የሁለቱ አገሮች ልጆች አለቁ፤ የአሰብም ወደብ ለኢትዮጵያ ጭነት ተዘግቶ ሥራ ፈታ። አንደኛው ወደብ አጣ፣ ሌላው ደንበኛ አጣ። በጃንዋሪ 2024 ከሶማሊላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ከሶማሊያ ጋር ያስነሳው ውጥረት ደግሞ በዲሴምበር 2024 በአንካራ በተደረሰው መግለጫ ወደ ድርድር መንገድ ተመለሰ። ሁለቱን ሁኔታዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማነጻጸር ለማንም አስተዋይ አያዳግትም።

ስለሆነም «ብሔራዊ ጥቅም» የሚለው ቃል በመግለጫም ሆነ በስብሰባ በተነሣ ቁጥር ሦስት ጥያቄዎችን ማቅረብ የነቃ ዜጋ ግዴታ ነው እንላለን። ይህ ጥቅም የማን ኑሮ የቆመበት ነው? ሲተረጎም የማን ድምፅ ተሰማ? የተመረጠው መሣሪያ የአደጋውን ሥር ይነካል፣ ወይስ በእጅ ስለተገኘ ብቻ የተነሣ ነው? ለሦስቱም አጥጋቢ መልስ ያለው ጥቅም በእርግጥ የአገር ጥቅም ነው፤ መሥዋዕትነት ቢጠይቅ እንኳ ሕዝቡ አውቆና ፈቅዶ ይከፍላል። መልስ የሌለው ግን እንደ ሩባቲኖ ከሰል መጋዘን የጥቂቶች ጉዳይ ሆኖ ሳለ የሁሉንም ስም የለበሰ ነው። ይህን መለየት የሚቻለው ጉዳዩ በየሥራ ቦታውና በየቀበሌው በግልጽ ሲመረመር ነው። ዋጋውን የሚከፍል ሕዝብ ሚዛኑን የማየት መብት አለውና።